ሶላር ቆርቆሮ ላይ ልታሰቅሉ ነው?

ባሕር ዳር ላላችሁ፦ ባለሙያው ጣራ ላይ ሲወጣ ቡና እየጠጣችሁ አትጠብቁት። ብሎኑን የት እንደሚያስር እዩ። የቆርቆሮው ጎድጓዳ ላይ ሳይሆን ጉብታው ላይ ይሁን፤ ውሃው የሚወርደው በጎድጓዳው ነዋ! ብሎኑ ከሥር ያለውን እንጨት ይንከስ፤ የጎማ ዋሸሩም አይረሳ። የእኔው ጎድጓዳው ላይ በስቶልኝ፣ ሐምሌን አልጋዬ መሃል ባልዲ አስቀምጬ አደርኩ። ሲሊኮን ቀባንበት፤ ፀሐይ ሲመታው ተሰነጣጠቀ።

ፓኔሉ ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያዘንብል። ከቆርቆሮው ጋር አታጣብቁት። 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ካለ ነፋስ ያቀዘቅዘዋል፤ ፓኔል ሲግል ጉልበቱ ይቀንሳል። የጣና ወፎች ኩስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ጠዋት ፓኔሉ ሳይሞቅ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።