ሰው ቤት ጫማ ማውለቅ ያስፈራኝ ነበር

ሐምሌን ሙሉ ሰው ቤት ስሄድ «ጫማህን አውልቅ» እንዳይሉኝ እጸልይ ነበር። እግሬን በየቀኑ እታጠባለሁ፤ ሽታው ግን ንቅንቅ አላለም። ሽቶ ሁሉ ነፋሁበት። ባሰ እንጂ አልተሻለም።

አንድ ማታ መብራት ስር ተቀምጬ ጣቶቼን ፈልቀቅ አድርጌ አየሁ። በትንሿና በጎረቤቷ ጣት መሀል ቆዳው ነጭ ሆኖ፣ ረጥቦ ተልጧል። ፋርማሲ ሄድኩ። ባለሙያዋ አየችውና «ፈንገስ ነው» ብላ ክሎትሪማዞል ቅባት ሰጠችኝ። ጠዋትና ማታ፣ ለ4 ሳምንት። ማሳከኩ በሳምንቱ ቢተወኝም አላቋረጥኩም፤ ቶሎ ካቆሙት ይመለሳላ!

ዋናው ጥፋቴ ግን ታጥቤ ሳላደርቅ ካልሲ ማጥለቄ ነበር። አሁን የየጣቱን መሀል በፎጣ አደርቃለሁ። ካልሲም በየቀኑ እቀይራለሁ።

ጫማውስ? በአንድ ጫማ ነበር ክረምቱን የምገፋው። አሁን ሁለት አፈራርቃለሁ። የሚያርፈውን ገበሩን አውጥቼ ጋዜጣ እጠቀጥቅበታለሁ፤ ጋዜጣው ሲርስ በደረቅ እቀይረዋለሁ። ከሰል ዳር ማድረቅ ግን ይቅርባችሁ። የቆዳ ጫማዬን እንደዚያ አድርጌው ተሰነጣጠቀ፤ ሊስትሮው አገላብጦ አየውና ሳቀብኝ።