የጁኒየር ዎከርን ሳክስፎን እንዴት እናዳምጥ፣ እንዴትስ እንለማመድ

በፒያሳና በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ቴነር ሳክስፎን መማር የጀመሩ ወጣቶች ስለ አሜሪካዊው የሶል ሙዚቃ ሳክስፎን ተጫዋችና ዘፋኝ ስለ ጁኒየር ዎከር ሲጠይቁኝ፣ አስቀድሜ የምመክራቸው መሣሪያውን ከሳጥኑ ሳያወጡ እንዲያዳምጡ ነው። የዎከር ጥበብ በጣት ፍጥነት ላይ የቆመ አይደለም፤ ሰውየው የሚዘፍንበትና የሚነፋበት ጉሮሮ አንድ ነው።

መነሻው እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው «ሾትገን» ይሁን። ሙዚቃው ከአንድ ኮርድ (አብረው ከሚሰሙ ኖታዎች ስብስብ) ስለማይላወስ ጆሮን የሚወስድ ሌላ ነገር የለም፤ የሚቀረው ምቱና የተጫዋቹ ትንፋሽ ነው። ለመዝፈን የተቀጠረው ሰው ከስቱዲዮ በመቅረቱ ዎከር ራሱ እንደዘፈነው ሲነገር ኖሯል። ሦስት ጊዜ ያዳምጡት፦ መጀመሪያ የዘፋኙን ድምፅ ብቻ፣ ቀጥሎ ሳክስፎኑን ብቻ፣ በመጨረሻ ደግሞ አንዱ ለሌላው የሚያቀብልበትን ቦታ። ይህን የመጨረሻውን በችኮላ አይለፉት፤ ድምፁ ሻክሮ ያቆመበትን ስሜት ሳክስፎኑ በዚያው ሻካራነት ተቀብሎ ሲቀጥል ይሰማሉ።

የሕይወት ታሪኩን በአጭሩ ማወቅ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1931 በአርካንሳስ ተወልዶ፣ «ኦል ስታርስ» ከተባለው ባንዱ ጋር በሚሺጋን ባትል ክሪክ ከተማ ሲጫወት ቆይቶ፣ የሸክላ ኩባንያው ሞታውን «ሶል» በሚለው መለያው ሸክላዎቹን አሳተመለት። እ.ኤ.አ. በ1981 የሮክ ባንዱ ፎሪነር «ኧርጀንት» ለተባለው ዘፈን ሶሎ እንዲነፋ ሲጠራው፣ በዚያ የሮክ ድምፅ መካከል እንኳ በጥቂት ኖታዎች ማንነቱ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1995 በ64 ዓመቱ አረፈ።

የእኛ ሰው ለዚህ አነፋፍ እንግዳ አይደለም። ጌታቸው መኩሪያ በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ የጀግናውን ሽለላ ያለ ቃል በቴነር ሳክስፎን ሲያሰማ የነፋው የሰው ድምፅ ነበር። አንዱ ከሌላው ተማረ ማለቴ አይደለም፤ ሁለቱም አነፋፋቸውን ከጩኸትና ከትንፋሽ ስለጀመሩ፣ የጌታቸውን ሽለላ በልጅነቱ የሰማ የአዲስ አበባ ተማሪ ዎከርን ለመረዳት ግማሹን መንገድ ተጉዟል ማለቴ ነው። ጣትም ቢሆን ብዙ አይቸገርም፤ የብሉዝ አምስቱ ዋና ኖታዎች ባቲ ማይነር ብለን ከምንጫወተው ቅኝት ጋር ይገጥማሉ።

ወደ ልምምዱ ሲገቡ እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣውን «ዋት ደዝ ኢት ቴክ» ይምረጡ፤ ቀስ ያለ ነው፣ ዜማውንም ከዘፋኙ ቀድሞ ሳክስፎኑ ይጀምረዋል። የመግቢያውን ዜማ ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታ ጭምር በቃልዎ እስኪይዙት ድረስ በአፍዎ ያንጎራጉሩት፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ይንፉት። ይህን ደረጃ የዘለሉ ተማሪዎች ኖታውን በትክክል ይመቱና ዜማው ግን ደረቅ ይሆንባቸዋል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ነበርኩ።

ሻካራው ድምፅ የሚገኘው እየነፉ በጉሮሮ በማንጎራጎር ነው። የሚያንጎራጉሩት ድምፅ ከሚነፉት ኖታ ጋር ስለሚጋጭ ሳክስፎኑ ያጉረመርማል። መካከለኛ ኖታ ይያዙ፣ ንጹሕ አድርገው ለአራት ምት ይንፉ፣ ከዚያም ከንፈርዎን ሳያጠብቁ ጉሮሮዎን ያስገቡ። መጀመሪያ ላይ ድምፁ ቢቆረጥብዎ ሪዱን (በማውዝፒሱ፣ ማለትም በመንፊያው ጫፍ ላይ የሚታሰረውን ስስ ሸምበቆ) ለመቀየር አይቸኩሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጉድለቱ የትንፋሽ ማነስ ነው። ዎከር የሚታወቅበት ከመሣሪያው ተራ ወሰን በላይ የሚወጣው ቀጭን ጩኸት ግን ረጅም ኖታ ሳይንቀጠቀጥ መያዝ ለቻለ ሰው ይቆይ፤ ቀድመው ሲሞክሩት ማውዝፒሱን መንከስ ልማድ ይሆናል፣ ያን ማስተው ደግሞ ከባድ ነው።

በፒያሳ አሮጌ ግቢዎች ግድግዳው ስስ ነውና የልብስ ቁም ሣጥንዎን ከፍተው ወደ ልብሱ ይንፉ፤ በመስኮቱም ላይ ጋቢ ይስቀሉ። እኔ እንዲህ ማድረግ ከጀመርኩ በኋላ ጎረቤቶቼ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ፈቅደውልኛል። በሳምንት አንድ ቀን በስልክዎ መጀመሪያ ሲዘፍኑት፣ ቀጥሎ ሲነፉት ይቅዱና ሁለቱን አከታትለው ያዳምጡ፤ ትንፋሽ የወሰዱባቸው ቦታዎች ካልገጠሙ በሚቀጥለው ሳምንት ከዚያው ከመግቢያው ዜማ እንደገና ይጀምሩ።