ሴደምን ለይቶ ማወቅና በጅማ ዝናብ ሳይበሰብስ ማሳደግ

ሴደም ጅማ ላይ በውኃ ጥም ሞተ ሲባል እምብዛም አይሰማም። የሚገድለው የውኃ ብዛት ነው። ከተማችን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ሴደም ደግሞ ውኃን ወፍራም ቅጠሉ ውስጥ የሚያጠራቅም ተክል ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራችን ውኃው ሥሩ ላይ እንዳይተኛ ማድረግ ነው።

በቅድሚያ የያዛችሁት ሴደም መሆኑን አረጋግጡ። ቅጠሉ የወፈረ ተክል ሁሉ አንድ ላይ ተደርድሮ ይሸጣልና። አንድ ቅጠል ቀንጥሱ። ነጭ ወተት ካፈሰሰ የቁልቋል ወገን ነው። ወተቱ ዓይን ስለሚጎዳ እጃችሁን ቶሎ ታጠቡ። ከሴደም የሚወጣው ጥርት ያለ ውኃ ነው።

እንዳሁላ ግን የሴደም ዘመድ ስለሆነ በዚህ አይለይም፤ አበባውን ማየት ያስፈልጋል። የእንዳሁላ አበባ አራት ቅጠል አለው፣ ከታች ተጣብቆም ቱቦ ይሠራል። የሴደም አበባ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ቅጠል ነው፤ ተለያይቶ በኮከብ ቅርጽ ይዘረጋል። መሐል ላይ ያሉትን ቀጫጭን ዘንጎችም ቁጠሩ። አምስት ቅጠል ባለው አበባ ላይ 10 ዘንግ ካገኛችሁ ሴደም የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። 5 ብቻ ከሆኑ ክራሱላ የሚባለው ሌላው ዘመዱ ሊሆን ይችላል። እኔ ከሁሉም በላይ የምተማመነው በዚህ ቆጠራ ነው።

ከዝርያዎቹ ሞርጋኒያነም እንደ ሹሩባ ቁልቁል ይወርዳል፤ ለሚሰቀል ዕቃ ይሆናል። ቅጠሉ ሲነካ ስለሚረግፍ መተላለፊያ ላይ አትስቀሉት። ሩብሮቲንክተም ድብልብል ትንንሽ ቅጠል አለው፤ ፀሐይ ሲያገኝ ጫፉ ይቀላል።

ለመትከል ጥሩው ጊዜ ዝናቡ ከቀነሰ በኋላ፣ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ነው። ጤነኛ ጫፍ በጣት ርዝመት ቁረጡ። የታችኛውን ቅጠል አራግፉ። ከዚያ ወዲያው አትትከሉት! የተቆረጠው ቦታ እስኪደርቅ ሦስት አራት ቀን ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ይህን የዘለለ ሰው ግንዱ ሲበሰብስበት ያያል። የረገፉትንም ቅጠሎች አትጣሉ፤ አፈር ላይ ብታጋድሟቸው ብዙዎቹ ሥር ያወጣሉ።

የጓሯችን ቀይ አፈር ለብቻው ውኃ ይይዛል። አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ ደቃቅ ጠጠር ቀላቅሉ። ብስባሽ ከተጨመረ እፍኝ ይበቃዋል። የሸክላ ዕቃ ብታገኙ እሰየው። ካልሆነ ጣሳ ወይም የተቆረጠ ጀሪካን ታቹን በሚስማር ደህና አድርጋችሁ ብሱት። ከተተከለ በኋላ ሳምንት ያህል ሳታጠጡ ቆዩ።

ከዚያ በኋላ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ፤ ደርቆ ካገኛችሁት ብቻ አጠጡ። የተጨማደደ ቅጠል ውኃ ይፈልጋል። ቢጫ ሆኖ የላሸቀ ግን ስለበዛበት ነውና ማጠጣቱን አቁሙ።

ክረምት ላይ ወደ በረንዳ አስገቡት። ከጣራ ጠርዝ ውኃ የሚንጠባጠብበት ቦታ ግን አይሆንም። ብርሃንም አትንፈጉት። ለቡና የምንወደው ጥላ ለሴደም አይስማማውም፤ ግንዱ ይረዝማል፣ ቅጠሉ ይራራቃል። እንዲያ ከሆነ ጫፉን ቆርጣችሁ በበጋ እንደ አዲስ ትከሉት። የቀረው ጉቶም ከጎኑ ያቆጠቁጣል።