ለአማተር ተወዳዳሪ የሚሆን ርካሽ የካርቦን ብስክሌት፦ አመራረጡ፣ አገጣጠሙና አያያዙ

ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ የእንጦጦን ተራራ በማቋረጥ ወደ ሱሉልታና ጫንጮ በሚወስደው መንገድ፣ ወይም በለገጣፎ በኩል ወደ ሰንዳፋ በሚዘልቀው አስፋልት ላይ የሚለማመድ አማተር ተወዳዳሪ ከአሉሚኒየም ወደ ካርቦን (ከካርቦን ፋይበርና ከሙጫ ወደሚሠራው ቀላል ፍሬም) ለመሸጋገር ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው የብስክሌቱን ክብደት ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ከሚገባው በላይ ይጋነናል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ብስክሌቱ በ1 ኪሎ ቢቀልለት 30 ደቂቃ በሚፈጅ አቀበት ላይ የሚያተርፈው 25 ሴኮንድ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፀጋቡ ግርማይ እንኳ በዓለም አቀፉ ሕግ መሠረት ከ6.8 ኪሎ በታች በሆነ ብስክሌት መወዳደር አይችልም ነበር፤ ዛሬ በርካሽ ከሚሸጡት የካርቦን ብስክሌቶች ብዙዎቹ ከዚህ ወሰን የሚርቁት ከ1 እስከ 2 ኪሎ ብቻ ነው። በእኔ እምነት ርካሽ ካርቦን የሚያዋጣው በፍሬሙ ላይ ያተረፈውን ገንዘብ ለማርሽ፣ ለጎማና ለብሎን ማጥበቂያ መሣሪያ ለሚያውል ሰው ነው።

አምራቾች አንድን ሞዴል በተለያየ የካርቦን ደረጃ ይሠራሉ። ለምሳሌ ጃያንት የተባለው አምራች የሚሠራቸው ቲሲአር አድቫንስድና አድቫንስድ ኤስኤል ቅርጻቸው ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ በዋናነት በፋይበሩ ዓይነትና በክብደቱ ላይ ነው። ርካሹ ደረጃ በጥቂት መቶ ግራም ይከብዳል፣ ለልምምድና ለአማተር ውድድር ግን አያንስም። ያገለገለ ኤስኤል በጥሩ ዋጋ ቢገኝ እንኳ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፦ በብዙዎቹ ላይ የኮርቻው ዘንግ ከፍሬሙ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራና በቀድሞው ባለቤት ቁመት ልክ የተቆረጠ ስለሆነ ረጅም እግር ላለው ገዢ ላይበቃ ይችላል። የታዋቂ ድርጅት ስም ከተለጠፈበት አስመስሎ የተሠራ ፍሬም ይልቅ አምራቹ በራሱ ስም የሚሸጠው ርካሽ ፍሬም ይሻላል።

ወደ እኛ ከሚደርሱት የካርቦን ብስክሌቶች ብዙዎቹ ያገለገሉ ወይም በመንገደኛ ሻንጣ የመጡ በመሆናቸው ከግዢ በፊት የሚደረገው ምርመራ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ብስክሌቱ ታጥቦና ደርቆ በቀን ብርሃን ይታይ። ድንጋይ የሚመታው ወደ ፔዳሉ የሚወርደው ቱቦ ሆዱ፣ በመንገደኛ ሣጥን ውስጥ መሪው እየተጋጨ የሚጎዳው የላይኛው ቱቦ፣ የፊት ሹካው ትከሻና በኋላው ጎማ ግራና ቀኝ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች በቅድሚያ ይመርመሩ። ጭረት ሲገኝ ጥፍርን በላዩ ላይ አቋርጦ በቀስታ መጎተት ነው፦ ጥፍሩ የሚሰማው የቀለሙን ጠርዝ ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱ ከቀለም አያልፍም፤ ወደ ውስጥ ከገባና ቦታውን በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ ፋይበሩ ተሰብሯል። ከዚያ በ1 ብር ሳንቲም ጠርዝ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀስታ ማንኳኳት ያስፈልጋል። ጤናማ ካርቦን ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ንብርብሩ የተላቀቀበት ቦታ ግን የታፈነ ድምፅ ያሰማል። በመገጣጠሚያዎች አካባቢ ውፍረቱ ስለሚለያይ ድምፁም ስለሚለወጥ ግራውን ከቀኙ ጋር እያነጻጸሩ መስማት እንጂ በአንድ ቦታ ድምፅ ብቻ መፍረድ አይገባም። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ የኮርቻው ዘንግና የፊት ሹካው ወጥተው ይታዩ፤ በስቴሙ (መሪውን ከሹካው ጋር በሚያያይዘው ክፍል) ውስጥ የሚያልፈው የሹካው አንገት ከተሰነጠቀ በቁልቁለት ላይ የሚያደርሰው አደጋ ከባድ ነው። ፈቃደኛ ያልሆነን ሻጭ ግን ትቶ መሄድ ይሻላል።

በዚሁ አጋጣሚ የኋላው ማርሽ ቀያሪ የተንጠለጠለባት ትንሽ የአሉሚኒየም ቁራጭ አለመጣመሟ ይታይ። ይህች ቁራጭ ብስክሌቱ ሲወድቅ ፍሬሙን ለማዳን ቀድማ እንድትታጠፍ የተሠራች ናት፤ ከፍሬም ፍሬም ስለምትለያይ ከአገር ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራልና መንገደኛ በተገኘ ጊዜ ሁለት መለዋወጫ ማስመጣት ብልህነት ነው።

በአገጣጠም ረገድ ካርቦንን የሚገድለው ከግጭት ቀጥሎ ያለልክ የጠበቀ ብሎን ነው። በብረት ብስክሌት የሠለጠነ መካኒክ እጁን አምኖ ያጠብቃል፣ ልምዱም በብረት ላይ ያገለግለዋል፤ የካርቦን ቱቦ ግን ሲጨመቅ ምልክት ሳያሳይ ከውስጥ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ልኩን በኒውተን ሜትር የሚያሳይ የቶርክ ቁልፍ ከብስክሌቱ ጋር አብሮ መገዛት አለበት። በስቴምና በኮርቻ ዘንግ ላይ የሚጻፈው ልክ ብዙውን ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ በዕቃው ላይ ሌላ ቁጥር ከተጻፈ ግን እርሱ ይከበር። መሪውን የሚይዙት አራት ብሎኖች በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ እያንዳንዳቸው በጥቂቱ እየጠበቁ፣ ከላይና ከታች ያለው ክፍተት እኩል ሆኖ መጨረስ አለባቸው። ካርቦን ከካርቦን ወይም ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ በሚያዝበት ቦታ ግራሶ መቀባት አይገባም፤ ለዚህ የተሠራው አሸዋማ ቅባት ሲቀባ ግን ዘንጉ በአነስተኛ ጥብቀት ሳይንሸራተት ይቆማል። በዘንጉ ዙሪያ፣ ከፍሬሙ ጫፍ ላይ አንድ ዙር ቀጭን ፕላስተር ከተለጠፈ ኮርቻው መውረዱ ወዲያው ይታወቃል።

የማርሽ ምርጫ በአዲስ አበባ ዙሪያ የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። ከ2,300 ሜትር በላይ የሚኖር ሰው ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን አነስተኛ በመሆኑ፣ ዝቅ ባለ ምድር የሚስማማው ጥርስ በእንጦጦ አቀበት ላይ ጉልበት ይሰብራል። የፊቱ ባለ 50 እና ባለ 34 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ ባለ 32 ወይም ባለ 34 ጥርስ ቢሆን እግር እየዞረ ይወጣል። ሺማኖ 105 የተባለውን የማርሽ ዕቃ ባለ 11 ማርሹን፣ R7000 የተባለውን ትውልድ የሚገዛ ሰው የማርሽ ቀያሪው ክንድ ረጅሙ መሆኑን ያረጋግጥ፤ አጭሩ የሚፈቅደው እስከ 30 ጥርስ ሲሆን ረጅሙ እስከ 34 ይሄዳል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ የንፋስ ግፊቱም ይቀንሳል፤ በዚህ ምክንያት ንፋስን ለመቁረጥ ጠርዙ እንዲረዝም የተሠራ ውድ ጥልቅ ቸርኬ በአቅም ለሚገዛ ሰው የመጨረሻው ወጪ ሊሆን ይገባል። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚጨብጥ ከሆነማ የአሉሚኒየም ቸርኬ ይመረጥ፤ ርካሽ የካርቦን ቸርኬ በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ሲያዝበት ግሎ ሊበላሽ ይችላል።

ፍሬሙ ከፈቀደ 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ፣ ካልፈቀደም 25 ይገጠም። 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በ28 ጎማ 70 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) አካባቢ በቂ መነሻ ነው፤ 100 እና ከዚያ በላይ መንፋት በተቦረቦረ አስፋልትና በኮብልስቶን ላይ ከማንጠር በቀር ፍጥነት አይጨምርም። ጎሚስታ ቤት ለመንፋት ቀጭኑን የፕሬስታ ቫልቭ ከመኪናው ማንፊያ ጋር የምታገናኘዋን ትንሽ የነሐስ ቆብ በኪስ መያዝ ያስፈልጋል፤ የመጨረሻውን ልክ ግን በራስ መለኪያ ማየት ነው።

ክረምት ሲገባ ጭቃውን ለማስለቀቅ ብስክሌቱን ላቫጆ መውሰድ የተለመደ ቢሆንም በከፍተኛ ግፊት የሚረጨው ውሃ የኩሽኔታዎቹን ግራሶ አጥቦ ያወጣል። በባልዲ ውሃ፣ በሳሙናና በስፖንጅ ማጠብ ይበቃል። ሰንሰለቱ ከታጠበ በኋላ ደርቆ ይቀባ፤ የመለጠጡ መጠን 0.5 ከመቶ ሲደርስም ይለወጥ፤ ሰንሰለት ከጥርስ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው።

ከወደቁ በኋላ፣ መቆም የሚቻል ቢሆንም፣ ብስክሌቱን ሳይመረምሩ ወዲያው ተነሥቶ መጋለብ አይገባም። የተመታው መሪ ወይም ሹካ ከሆነና የተሰነጠቀ ነገር ከታየበት፣ ጥገና ሳይታሰብ ይለወጥ። የፍሬም ቱቦ ካርቦን በሚያውቅ ባለሙያ ሊጠገን ይችላል፤ በላዩ ሙጫ ቀብቶ ቀለም መደረብ ግን ጥገና አይደለም። የምርመራው ውጤት እስኪታወቅ ልምምዱ እንዳይቋረጥ አሮጌውን የአሉሚኒየም ብስክሌት አለመሸጥ ይመከራል፤ ለክረምቱ ጭቃም የሚወጣው እርሱ ነው።