ደራስያን ማኅበራዊ ሚዲያ ሲመርጡ የሚሠሯቸው ስህተቶች

ለመጽሐፋችሁ አርታኢ፣ ሽፋን ሠሪና ማተሚያ ቤት ስትመርጡ ወራት ትፈጃላችሁ። ማኅበራዊ ሚዲያው ላይ ስትደርሱ ግን የወንድማችሁ ልጅ «ቲክቶክ ክፈት» ስላለ ብቻ ትከፍታላችሁ። በአርትዖት ሥራዬ የማገኛቸው ደራስያን ደጋግመው የሚሠሯቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ሌባ ፈርቶ ከቴሌግራም መሸሽ። ይሄኛው ያናድደኛል። «ቴሌግራም የፒዲኤፍ ሌቦች ሰፈር ነው፣ እዚያ አልገባም» የሚል ደራሲ መቼም አላጣም። ሰፈራቸው መሆኑ እውነት ነው። ግን ሌባው መጽሐፉን የሚወስደው ከእናንተ ቻናል ነው እንዴ? አንድ ኮፒ ገዝቶ ወይም ተውሶ፣ ገጽ በገጽ በስልኩ አንሥቶ ይለቀዋል። ኖራችሁ አልኖራችሁ ለእሱ ምኑም አይደለም። ለአንባቢው ግን ልዩነት አለው። ርዕሱን ቴሌግራም ላይ ሲፈልግ፣ እናንተ ከሌላችሁ የሚያገኘው ሌባውን ብቻ ነው። ለአንድ ደራሲ «መጽሐፍህን በፒዲኤፍ ጨረስኩት፣ በጣም አሪፍ ነው፣ ቁጥር ሁለትን መቼ ነው የምትለቀው?» ብሎ የጻፈለት ልጅ ነበር። ልጁ የለቀቀው ራሱ ደራሲው መስሎታል! ስለዚህ በስማችሁ ቻናል ክፈቱ፤ የመጽሐፉን ርዕስም የቻናሉ ስም ውስጥ አስገቡት። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ራሳችሁ በነጻ ልቀቁ። ዋጋውን፣ የሚሸጥበትን ቦታና የቴሌብር ቁጥሩን ከላይ ፒን አድርጉ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከእናንተ ጋር ነው። ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቻናል የተለቀቀ ስርቆት ካያችሁም ለቴሌግራም አመልክቱ። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል፣ አውቃለሁ። እዚያው ተገኙ የምለውም ለዚሁ ነው።

የፌስቡክ ጓደኛን እንደ አንባቢ መቁጠር። የግል አካውንት 5,000 ጓደኛ ላይ ይቆማል። ከዚያ ውስጥ የክፍል ጓደኛው፣ የሰፈር ልጁ፣ የአክስት ልጁ ስንት ነው? «በርታ ወንድሜ» ይላሉ እንጂ አይገዙም። ፔጅ ይኑራችሁ። ወግና አጭር ልብ ወለድ ለሚጽፍ ሰው ፌስቡክ አሁንም ጥሩ ቤት ነው፤ ረጅም ጽሑፍ የሚያነብ ሰው አለበት።

ቲክቶክ ላይ ያልሆኑትን መሆን። ድምፃችሁ የሚጥም ከሆነ ግጥማችሁን አንብቡ፤ ፊታችሁ መታየትም የለበትም፣ ሽፋኑ ይበቃል። ካሜራ የሚያስደነግጣችሁ ከሆነ ተዉት። የታሪክ መጽሐፍ የጻፉ አንድ ትልቅ ሰው ላይቭ ገብተው «ታፕ ታፕ አድርጉ» ሲሉ ሰምቼ ስልኬን ደፋሁት።

ኤክስ ላይ የፖለቲካ ክርክር እንጂ የአማርኛ ልብ ወለድ ገዢ ብዙም አላየሁም። ኢንስታግራም ሽፋናችሁ ካማረ ይሁን።

የአንባቢን አድራሻ አለመያዝ። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ አገር ውስጥ ለአምስት ወር ያህል ተገድበው እንደነበር ረሳችሁት? ያኔ ሦስት አራት ቦታ መክፈት አላዳነም፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሄዱት። ያለ ቪፒኤን አንባቢውን ማግኘት የቻለው ስልክ ቁጥሩን የያዘ ደራሲ ነው። መጽሐፍ ምርቃት ላይ አንድ ደብተር በር ላይ አስቀምጡ፤ የፈቀደ ስሙንና ቁጥሩን ይጽፋል።

ውጭ ያለውን ሰው መርሳት። «በሁሉም መጻሕፍት መደብሮች ይገኛል» የሚለው ማስታወቂያ ዲሲ ላለ አንባቢ ምን ይጠቅመዋል? እሱ መኪና እየነዳ፣ ዱባይና ቤይሩት ያለችው እህታችንም ሥራዋን እየሠራች ትረካ ይሰማሉ። አንድ ምዕራፍ ተርካችሁ ዩቲዩብ ላይ ጫኑላቸው፤ ከሥሩም ውጭ አገር ሆኖ እንዴት እንደሚገዛ ጻፉ።

በሰው ስልክ መክፈት። የቴሌግራም አካውንት የሚከፈተው በስልክ ቁጥር ነው። ሽፋን የሠራላችሁ ልጅ ቻናሉን በራሱ አካውንት ከከፈተው፣ ባለቤቱ እሱ ነው። እናንተን አድሚን ማድረጉ ብቻ አይበቃም፤ ባለቤትነቱን ያዛውርላችሁ። ለዚህ መጀመሪያ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ማብራት አለበት፤ ካበራ በኋላም ቴሌግራም ቀናት ያስጠብቃል። ልጁ ሲም ሳይቀይር ዛሬውኑ ደውሉለት።