በግቢ ሣር ላይ የሚወጣ ሽበት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ነሐሴ ሲጋመስ በደሴ ብዙ ግቢዎች ውስጥ ሰርዶው ይሳሳል፤ በድንጋይና በግንድ ላይ የምናውቀው ለስላሳ አረንጓዴ ሽበትም ቦታውን ይይዛል። ብዙ ሰው ሣሩን ያጠፋው ሽበቱ ይመስለዋል። ሽበት ግን እውነተኛ ሥር የለውም። አፈሩን የሚይዘው በቀጫጭን ክሮች ብቻ በመሆኑ በጣት ሲገፉት ከነክሮቹ ተገሽልጦ ይነሳል። ጠንካራ ሣር አሸንፎ አያውቅም፤ የሚሰፍረው ሣሩ ተዳክሞ በለቀቀው መሬት ላይ ነው። ሣሩ ለምን እንደተዳከመ የሚያሳየው ደግሞ ሽበቱ የበቀለበት ቦታ ነው።

ከጣሪያ ጠርዝ ሥር መስመር ሠርቶ ከበቀለ

ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ አፈሩን ደብድቦታል። አሸንዳ ግጠሙ፤ ካለም ቅጠሉን አውጡለት። ይህ ሳይሠራ ሌላው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው።

ከዛፍ ሥር ወይም ከግንብ ጥግ ከሆነ

ሰርዶ ያለ ፀሐይ አይሆንለትም። በተለይ ከጦሳ ሥር ባሉ ግቢዎች ፀሐይዋ ከሰዓት በኋላ ቶሎ ከተራራው ጀርባ ትገባለች። የዛፉን የታችኛ ቅርንጫፎች ቁረጡ። ጥላው ካልቀነሰ ግን እዚያ ሰርዶ መትከል ገንዘብ ማባከን ነው፤ ጠጠር አልብሱት፣ ወይም ሽበቱን ተዉት፤ እሱም ያምራል።

ሰው በሚመላለስበት መሃል ግቢ ከሆነ

በእኔ እምነት ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው። ዝናብ በጣለ ማግስት ቁራጭ ፌሮ ይዛችሁ መሬቱን ውጉ። ጥቂት ሳንቲ ሜትር ገብቶ ከቆመ አፈሩ ታምቋል፤ ውሃ አያሰርግም፣ ሥርም አያስገባም። ዋልካ አፈር ላይ ችግሩ ይብሳል። ጭቃው እስኪጠነፍፍ አትርገጡት። ከዚያ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር እያራራቃችሁ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቀዳዳ ብሱና በሻካራ አሸዋና በተነፋ ኮምፖስት ሙሉት። ሰው የሚያልፍበትን መስመር ደግሞ ድንጋይ አንጥፉለት፤ አለበለዚያ እንደገና ይታመቃል።

በየቦታው ተበትኖ ከታየ

ሣሩ በማጭድ እስከ አፈሩ ታጭዷል ወይም ተርቧል። ከ4 ሳንቲ ሜትር በታች አትጨዱ፤ በአንድ ጊዜም ከቁመቱ ሲሶውን ብቻ ቁረጡ። ለአንድ ካሬ ሜትር 10 ግራም ዩሪያ ቅጠሉ ደረቅ ሳለ በትናችሁ ወዲያው ውሃ አጠጡ።

ኖራና አመድ ለመበተን አትቸኩሉ። እነዚህ የሚጠቅሙት አፈሩ አሲዳማ ከሆነ ነው፤ ዋልካ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አሲዳማ አይደለም። አስቀድማችሁ አፈሩን አስመርምሩ።

ሽበቱን ማንሳት

መንስኤው ከተስተካከለ በኋላ በብረት ሬክ ቧጥጡት። ፌረስ ሰልፌት (ብረት ያለበት ኬሚካል) ካገኛችሁ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን በውሃ በጥብጣችሁ ርጩት፤ ሽበቱ በቀናት ውስጥ ይጠቁራል። ሲሚንቶ ላይ ከፈሰሰ የማይለቅ የዝገት ቀለም ይተዋልና ተጠንቀቁ። ጨውና በረኪና የሚያፈሱ አሉ፤ እባካችሁ አታድርጉት፤ ሣሩንም አፈሩንም ይጎዳሉ።

የተራቆተውን ቦታ ሳይውል ሳያድር ሸፍኑት። ጥሩው ጊዜ ፀሐይ ተመልሳ አፈሩ ገና ርጥበት ያለው መስከረም ነው፤ ካመለጠ የበልግ ዝናብ አለ። ከጤናማው ሰርዶ አንጓ ያላቸውን ተሳቢ ግንዶች ቆርጣችሁ በጣት በተሰመረ ቦይ አስተኙ፤ ጫፋቸውን ብቻ ከአፈር በላይ ተዉና ሥር እስኪይዙ ድረስ አፈሩ እንዳይደርቅ ውሃ አጠጡ።