ከጎጃም ወጥታችሁ ውጭ አገር ለገባችሁ፦ የትኛው ብሮውዘር፣ የትኛው አፕ?

ከባሕር ዳርም ውጡ ከቢቸና፣ ከዳንግላም ውጡ ከሞጣ፣ ስልካችሁ ላይ ያሉት አፖች አገር ቤት ላለው ኔትወርክ የተመረጡ ናቸው። ጥቅሉ ቶሎ እንዳያልቅ፣ መስመሩ ሲደክም ገጹ እንዲከፈት። እዚያ ትክክለኛ ምርጫ ነበር። እዚህ ግን የሚያስጨንቀው ዳታ ሳይሆን ፎርም ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ባንኩ፣ የልጆች ምዝገባው፣ የሥራ ማመልከቻው በአብዛኛው በኢንተርኔት ነው የሚሞላው። ምክሬ አጭር ነው፦ ለጉዳይ ማስፈጸሚያ እዚህ የሚሠራበትን ያዙ። ለቤተሰብ ደግሞ ቤተሰብ የለመደውን አትለውጡ።

ኦፔራ ሚኒ ከተባለው ብሮውዘር ልጀምር። ብዙዎቻችን ኢንተርኔትን ያወቅነው በእሱ ነው። ዳታ የሚቆጥበው ገጹን መጀመሪያ ወደ ራሱ ሰርቨር ወስዶ፣ እዚያ አሳንሶ ስለሚልክልን ነው። ለዜና ማንበቢያ ግሩም ነው። ለመንግሥት ፎርም ግን አይሆንም። በተለይ ከፍተኛው የቁጠባ ደረጃ ላይ ከሆነ በተኑ አልጫን፣ ፋይሉ አልያያዝ ሊል ይችላል። የፓስፖርት ቁጥርና የባንክ ፓስወርድም በመሐል ሌላ ሰርቨር ላይ ባያልፍ ይሻላል።

ታዲያ የቱ? ክሮም፣ ኤጅ፣ ፋየርፎክስ፣ ሳፋሪ፤ አራቱም ነፃ ናቸው፣ አራቱም ለፎርም ይሆናሉ። ለማውረድ ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠማችሁ ቶሎ ዝጉት፤ ስትፈልጉ ከላይ የሚመጣው ማስታወቂያ ሊሆን ስለሚችል የሠሪውን ድርጅት ገጽ ለይታችሁ ግቡ። ሰው በምርጫው ላይ ከሚገባው በላይ ይከራከራል። ቁም ነገሩ ሁለት ብሮውዘር መያዝ ነው፣ ያውም ውስጣቸው የተለያየ። ክሮም፣ ኤጅ፣ ብሬቭና የኮምፒውተሩ ኦፔራ መልካቸው ይለያይ እንጂ ሁሉም የተሠሩት ክሮሚየም በተባለ አንድ መሠረት ላይ ነው። ስለዚህ በክሮም እምቢ ያለ ፎርም በኤጅም እምቢ ቢል አይግረማችሁ። ፋየርፎክስ ግን ገጹን የሚከፍትበት የራሱ ሞተር አለው፤ አልላክ ያለውን እዚያ ሞክሩት። አይፎን ላይ ይህ ዘዴ ብዙም አይሠራም። አፕል ሌሎቹም ብሮውዘሮች በሳፋሪ ሞተር እንዲሠሩ ሲያስገድድ ስለኖረ፣ ስም ብትቀይሩ ለውጥ ላታዩ ትችላላችሁ። ያኔ ኮምፒውተር ፈልጉ።

እኔ ለጉዳይ ክሮምን፣ ለዕለት ንባብ ፋየርፎክስን እመርጣለሁ። ፋየርፎክስን የሚሠራው ሞዚላ ባለቤቱ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። የክሮም ሠሪ የጉግል ዋና ገቢ ግን ማስታወቂያ ነው፤ የምታነቡትን ሁሉ እሱ እንዲያውቀው አያስፈልግም።

ላፕቶፕ እስክትገዙ ድረስ በዘመድ ወይም በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ትሠሩ ይሆናል። ግላዊውን መስኮት (Incognito ወይም Private የሚለውን) ክፈቱ፣ «ፓስወርድ ላስቀምጥ?» ሲላችሁ እምቢ በሉ፣ ስትጨርሱ ከአካውንታችሁ ውጡ። ያወረዳችሁትን ፋይልም ማጥፋት አትርሱ፤ መስኮቱ ሲዘጋ እሱ አብሮ አይጠፋም።

የቢሮ ደብዳቤ በማታውቁት ቋንቋ ሲመጣ የጉግል መተርጎሚያ ይረዳል፤ አማርኛ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለው። እንግሊዝኛ የምታነቡ ከሆነ ግን ጀርመንኛውን ወይም ስዊድንኛውን ወደ እንግሊዝኛ ብታስተረጉሙት የተሻለ ይወጣል። ስለ ምን እንደተጻፈ ለማወቅ ይበቃል፤ ለመፈረም አይበቃም። አንዲት «አይ» ከጠፋች ነገሩ ይገለበጣል፤ ከመፈረማችሁ በፊት ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው አስነብቡ።

ለጽሑፍ ሥራ ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ) ኦፊስ አትጫኑ። አገር ቤት የተለመደ ነው፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ከክራኩ ጋር ቫይረስ ሊገባ ይችላል፣ ያ ኮምፒውተር ደግሞ አሁን የባንክ ሒሳባችሁ የሚከፈትበት ነው። ሊብሬኦፊስ በነፃ አለ፣ ጉግል ዶክስም ጂሜይል ላለው ሁሉ ክፍት ነው። ተማሪ ከሆናችሁ ትምህርት ቤቱ ማይክሮሶፍት ኦፊስ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ። ሲቪያችሁን ግን በፒዲኤፍ ላኩ፤ አሰላለፉ አይፈርስም። ከአገር ቤት የሚላክላችሁ የአማርኛ ደብዳቤም እንዲሁ። በድሮው የግዕዝ ፕሮግራም የተጻፈ ከሆነ እዚህ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል።

የትምህርት ማስረጃ ወይም የልደት ሰርተፍኬት ደብረ ማርቆስ ያለ ወንድም በቴሌግራም ሲልክላችሁ «እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላከው» በሉት። ፎቶ ተጨምቆ ስለሚመጣ የማኅተሙ ጽሑፍ አይነበብም። የቴሌግራም ተራ ቻት እንደ ዋትስአፕና ሲግናል ከላኪ እስከ ተቀባይ የተቆለፈ ስላልሆነ፣ ፋይሉን አውርዳችሁ ካስቀመጣችሁ በኋላ ከሁለታችሁም በኩል አጥፉት።

እናታችሁን ግን «ሲግናል ጫኚ» ብላችሁ አታድክሟት። ቴሌግራም ከለመደች ቴሌግራም፣ ኢሞ ከለመደች ኢሞ ይሁን። ገጠር ያለ አባት ኔትወርክ የሚያገኘው በገበያ ቀን ከተማ ሲወጣ ከሆነ፣ የድምፅ መልእክት አስቀምጡለት፤ ዳታው ሲከፈት ይደርሰዋል። ተራ የስልክ ጥሪንም አትናቁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ ቴሌግራሙም ዋትስአፑም ዝም ብለው ነበር። መስመሩ በሠራ ጊዜ ድምፅ ያሰማን ተራው ጥሪ ነው። ስለዚህ ወደ ኢትዮጵያ ስልክ በቀጥታ የሚያስደውል አገልግሎት ይኑራችሁ። የቀደሙ ሰዎች ስካይፕን ይነግሯችሁ ይሆናል፤ እሱ በ2025 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል።

ከሁሉ በፊት ግን ቁጥራችሁን አስቡ። ጂሜይሉም ቴሌግራሙም የተከፈተው በ+251 ቁጥር ነው። ሲሙ ሳይዘጋ ጂሜይል ላይ አዲሱን ቁጥር አስገቡ። ቴሌግራም ውስጥም በማስተካከያው ቁጥሩን ቀይሩ፤ መልእክቶቹና ግሩፖቹ አይጠፉም። ሁለተኛ ፓስወርድም አብራችሁ አስቀምጡ። የአገር ቤቱን ባንክና ቴሌብርን የምትጠቀሙ ከሆነ ሲሙ ስልኩ ውስጥ ይቆይ። ሮሚንግ (ሲሙ ውጭ አገር እንዲሠራ የሚያደርገው አገልግሎት) ካልተከፈተ በመልእክት የሚላከው ማረጋገጫ ኮድ አይደርስምና፣ ገና ያልወጣችሁ ካላችሁ ባሕር ዳር ሳላችሁ አስከፍቱት።